ነብራስካ ውስጥ በስፐር መንገድ ጭነት ይዞ ወደ ትንሽ ከተማ መግባት

ከነብራስካ አውራ ጎዳናዎች ተገንጥሎ ወደ አንዲት የገጠር ከተማ የሚያስገባው አጭር የስቴት መንገድ ምልክቱ ላይ «ስፐር» ተብሎ ቁጥርና ፊደል ተጽፎበታል። ቁጥሩ የካውንቲው ነው። 93ቱ ካውንቲዎች በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ተቆጥረዋል፤ 28 ዳግላስ፣ 40 ሆል፣ 55 ላንካስተር ነው። በመኪና ሰሌዳ ላይ ባለው የካውንቲ ቁጥር እንዳትመሩ፤ ሆል እዚያ ላይ 8 ነው። «ሊንክ» የተባለው ሁለት አውራ ጎዳናዎችን ስለሚያገናኝ በሌላ በኩል ያስወጣል። ስፐር ግን ከተማው ጋ ያልቃል፤ ባለ 53 ጫማ ትሬለር የያዘ ሾፌር ዞሮ መውጫውን ሳያውቅ መገንጠል የለበትም።

ስለዚህ ከመገንጠያው በፊት ሰፊ ቦታ ላይ ቁሙና ጭነት ተቀባዩ ጋ ደውሉ። «ትራክ የት ይዞራል? በየትኛው በር ይገባል? የክብደት ገደብ ያለው ድልድይ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የስልክ ካርታ ለቤት መኪና የተሠራ ነው፤ አቋራጭ ብሎ የካውንቲ ጠጠር መንገድ ውስጥ ይከታል። የስፐሩን መገንጠያ ራሱን የትራክ ጂፒኤሱ ላይ እንደ አንድ ማቆሚያ አስገቡት። በመኸር ወቅት፣ በተለይ በመስከረምና በጥቅምት፣ እህል የጫኑ መኪኖች ጎተራው ጋ ተሰልፈው መንገዱን ሊይዙት ይችላሉ። እነሱን ለማሳለፍ ብላችሁ ጎማ ከአስፋልቱ አታውርዱ፤ ዝናብ ያገኘው ዳር ይሰምጣል።

ስፐሩ ራሱ ብዙውን ጊዜ 80,000 ፓውንድ ይችላል። ችግሩ ያለው ከጫፉ ቀጥሎ ባለው የካውንቲ መንገድ ላይ ነው። ድልድይ ላይ የተጻፈው ቶን 2,000 ፓውንድ ነው፤ «15 ቶን» ማለት 30,000 ፓውንድ ነው። ባዶ ትራክና ትሬለር ብቻውን 33,000 አካባቢ ስለሚመዝን ካራገፋችሁም በኋላ አታልፉበትም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ሐዲዱ ነው። ብዙዎቹ ከተሞች የተቆረቆሩት ባቡር መስመር ዳር ስለሆነ፣ ሐዲዱ ከአውራ ጎዳናው ጎን ለጎን ይሄድና ስፐሩ መገንጠያው አጠገብ ያቋርጠዋል። ስትወጡ የ«ስቶፕ» ምልክቱ ጋ ስትቆሙ የትሬለሩ ጅራት ሐዲዱ ላይ ሊቀር ይችላል። ትራኩና ትሬለሩ አንድ ላይ ከ70 እስከ 75 ጫማ ናቸው፤ ባቡሩ ደግሞ ከሐዲዱ ውጪ ቢያንስ 3 ጫማ ይወጣል። በሐዲዱና በማቆሚያው መስመር መሃል ይህን ሁሉ የሚይዝ ቦታ ከሌለ፣ ከሐዲዱ ወዲህ ቁሙና አውራ ጎዳናው ከሁለቱም አቅጣጫ ነጻ እስኪሆን ጠብቁ፤ ከዚያ ሳትቆሙ በአንድ ማርሽ ተሻገሩ። ቦታ ሳይኖር መግባት ሕግ መጣስም ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዲኤልን (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድን) ቢያንስ 60 ቀን ያሳግዳል።

ማቋረጫው ጉብ ያለ ከሆነ የትሬለሩን እግር (ከትራኩ ሲለይ የሚቆምበትን) እስከ መጨረሻው አንሡ። ትሬለር ቀይራችሁ በችኮላ በግማሽ የተዋችሁት እግር ሐዲዱን ይይዛል። ሎውቦይ (ወለሉ ዝቅ ያለ ትሬለር) እና መኪና ጫኝ ትሬለር በሆዱ ስለሚቀመጥ ሌላ መንገድ ይፈልግ።

ትራኩ ከተያዘ ለማውጣት አትታገሉ፤ ወዲያውኑ ውረዱና ከሐዲዱ ራቁ። ባቡር እየመጣ ከሆነ ወደሚመጣበት አቅጣጫ፣ ከሐዲዱ በሰያፍ እየራቃችሁ ሩጡ፤ ሲመታው ስብርባሪው የሚበተነው ባቡሩ ወደሚሄድበት ነው። ማቋረጫው ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ አለ፤ የስልክ ቁጥርና የማቋረጫው መለያ (ስድስት አሃዝና አንድ ፊደል) ተጽፎበታል። መጀመሪያ እዚያ ደውላችሁ መለያውን ንገሯቸው፣ ባቡሩን ማስቆም የሚችሉት እነሱ ናቸው። ቀጥሎ 911። ሰሌዳውን ካላገኛችሁት በቀጥታ 911 ደውሉ።