የሞተር ዘይት ቁጥር ሲሳሳት፦ ለጎንደር መኪናዎችና ጀነሬተሮች ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ውስጥ ዘይት ሊገዙ ሲገቡ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ምክር «ወፍራሙን ይውሰዱ፣ ሞተር ይጠብቃል» የሚል ነው። ምክሩ የመጣው ከአሮጌ የናፍጣ ሞተሮች ስለሆነ ለእነርሱ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ በከተማው የሚዞሩት ትንንሽ የቤንዚን መኪኖችና በየሱቁ ደጃፍ የሚነሡት ጀነሬተሮች ግን በዚህ ምክር ሲጎዱ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

በዘይቱ ጣሳ ላይ እንደ 15ደብሊው-40 ተደርጎ በሚጻፈው ውስጥ የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚፈስ፣ የኋለኛው ደግሞ ሞተሩ ግሎ 100 ዲግሪ ሲደርስ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ይናገራል። ባለ 15ቱ በብርድ የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ነው፤ የጎንደር የጥር ሌሊት ደግሞ የሚወርደው ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ፣ እዚህ ብርድ ሞተር እንዳይነሣ አያደርግም። በይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው የኋለኛው ቁጥር ነው፤ እርሱንም የሚወስነው የሞተሩ አሠራር እንጂ የሻጩ ግምት አይደለም።

ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ይንኳኳል፣ የዘይት መብራቱም ይዘገያል

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሞተሪኖው ሞተሩን ካስነሣ በኋላ ቀይዋ መብራት ወዲያው መጥፋት ሲገባት ለበርካታ ሰከንዶች ከቆየች፣ ከላይ ከባልቦላው በኩልም «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ዘይቱ ወደ ላይ ለመድረስ ዘግይቷል ማለት ነው። የተለመደው መንስኤ 5ደብሊው-30 የታዘዘለትን የቤንዚን ሞተር በ20ደብሊው-50 መሙላት ነው። ባለ 30 ዘይት በ100 ዲግሪ ውፍረቱ ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክስ (የውፍረት መለኪያ) ሲሆን፣ ባለ 50ው ከ16.3 ይጀምራል፤ በጠዋት ቅዝቃዜ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። በአዳዲሶቹ ሞተሮች ውስጥ የዘይት መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ የባልቦላውን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው ክፍልም የሚታዘዘው በዘይት ግፊት ስለሆነ ወፍራም ዘይት ሥራውን ያዘገይበታል። መፍትሄው በመኪናው መመሪያ ወይም በዘይት መሙያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ቁጥር መሙላትና ፊልትሮውን አብሮ መቀየር ነው። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ድምፁ ከቀጠለ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱን ይዞ የማያስቀር ርካሽ ፊልትሮ ተገጥሞ እንደሆነ ይመርመሩ።

ሞተሩ ከጋለ በኋላ መብራቱ ይርገበገባል

ይህ ከመተማ ቆላ ተነሥተው በሸኸዲና በአይከል በኩል ዳገቱን ጭነው የሚወጡ መኪናዎች የሚያሳዩት ምልክት ነው። በመጀመሪያ መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙና ሞተሩን ያጥፉ፤ ዘይቱ እስኪወርድ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቀው መለኪያ ዘንጉን ይሳቡ። ዘይቱ ጎድሎ ከተገኘ ጥፋቱ የቁጥሩ ላይሆን ስለሚችል ሞልተው እንደገና ይከታተሉ። ሙሉ ከሆነና መመሪያው ለሞቃት አገር ባለ 40 ከፈቀደ፣ በቆላው መንገድ ለሚመላለስ መኪና 15ደብሊው-40 ተገቢ ምርጫ ነው። መመሪያው የማይፈቅድ ከሆነ ግን ግፊቱን በመለኪያ ማስለካት ያስፈልጋል፤ ያለቀ ብረት ወይም የደከመ የዘይት ፓምፕ በወፍራም ዘይት ለጥቂት ወራት ቢሸፈንም አይድንምና።

ጀነሬተሩ ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል

ከ2 እስከ 3 ኪሎ ዋት የሚሰጡት የቤንዚን ጀነሬተሮች ብዙውን ጊዜ የሚይዙት ግማሽ ሊትር ወይም ትንሽ ከዚያ የሚበልጥ ዘይት ነው። በአብዛኞቹ ውስጥ ዘይት ሲጎድል ብልጭታውን አቋርጦ ሞተሩን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ አለ። ባለፈው ጥር፣ ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ በተጨናነቀበት ሳምንት፣ አንድ ጎረቤቴ ጀነሬተሩ በየአሥር ደቂቃው እየጠፋ ስላስቸገረው ከመኪናው የተረፈውን 20ደብሊው-50 ጨምሮበት አገኘሁት። መለኪያውን ብስበው ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፏል፤ ጀነሬተሩ ግን የቆመው ከሱቁ ፊት ባለው ተዳፋት የድንጋይ ንጣፍ ላይ ስለነበር፣ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ተጠራቅሞ ተንሳፋፊውን አራቁቶታል። ከታች በኩል ጣውላ ደግፈን አስተካከልነው፤ ትርፉን ዘይትም አስወጣን፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ሠራ። የጎንደር ደጃፍ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት በመሆኑ ይህን ከዘይት ቁጥር በፊት ማየት ይገባል።

ለእነዚህ በአየር ለሚቀዘቅዙ ሞተሮች 10ደብሊው-30 በአብዛኞቹ መመሪያዎች የታዘዘ ነው፤ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ነጠላ 30 ቁጥርን የሚፈቅዱ አሉ። አዲስ ከሆነ ዘይቱ ከመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት በኋላ፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ ይለወጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ወቅት በቀን አምስት ሰዓት የሚሠራ ጀነሬተር ይህን በሃያ ቀን ስለሚጨርስ ሰዓቱን በደብተር መመዝገብ ይረዳል።

ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና እንደ ውኃ ከቀጠነ፣ መንስኤው የከፍታው ቦታ ሊሆን ይችላል። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተርም ከአየሩ መጠን በላይ ቤንዚን ይለቃል። ያልነደደው ካንዴላውን ያጠቁራል፣ የሲሊንደሩንም ግድግዳ አጥቦ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። በየ300 ሜትሩ ከ3.5 በመቶ በላይ ኃይል ስለሚቀንስም፣ እዚህ ሩብ ያህሉ ይጎድላል። ወፍራም ዘይት ይህን አያስተካክልም፤ የሚያስተካክለው የካርቡራተሩን የቤንዚን መውጫ ለከፍታ በተዘጋጀ ጠባብ ቀዳዳ ማስለወጥ፣ የተቀላቀለውን ዘይት መድፋትና ጭነቱን መቀነስ ነው። የሆቴሎቹ የናፍጣ ጀነሬተሮች ግን ሌላ ወገን ናቸው፤ ለእነርሱ ለናፍጣ ሞተር የተመደበ 15ደብሊው-40 ይበቃል፣ ያለ በቂ ጭነት ለረጅም ሰዓት ባይሠሩም ይመረጣል።

ሰማያዊ ጭስና የዘይት መጉደል

ከደባርቅ በሊማሊሞ ሲወርዱ እግርዎን ከቤንዚን ላይ አንሥተው ቆይተው እንደገና ሲረግጡ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ብልጭ ብሎ ከጠፋ፣ ዘይት የሚያሾልከው የባልቦላው ጎማ ነው። ጭሱ በዳገት ላይ ሳያቋርጥ የሚከተልዎት ከሆነ የፒስተኑ ቀለበቶች አልቀዋል። በዚህኛው ሁኔታ ብቻ፣ ሞተሩ እስኪፈታ ድረስ፣ መመሪያው ከሚፈቅደው አንድ ደረጃ ወፍራም መጠቀም ጉድለቱን ይቀንሳል፤ ለምሳሌ በባለ 40 ምትክ ባለ 50።

ዘይቱ ወተት መሰለ

በመለኪያው ላይ ቡና በወተት የመሰለ ዘይት ካዩ የራዲያተር ውኃ ገብቶበታል፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተሰንጥቆ ወይም ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ከዘይት ቁጥር ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሞተሩን ዳግም ሳያስነሡ ወደ ጋራዥ አስጎትተው ይውሰዱት።