የአፈር ትንፋሽ በስንት ሰዓት ይለካ?

ቀትር ላይ ማሳ ወርዳችሁ አንዴ ለካችሁ፤ ያንን በ24 አባዝታችሁ «የቀኑ ትንፋሽ ይኸው» አላችሁ። አይሆንም። የአፈር ትንፋሽ ማለት አፈር ውስጥ ካሉ ሥሮችና ረቂቅ ተሕዋስያን የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እሱም ቀኑን ሙሉ እኩል አይደለም። አፈሩ በቂ እርጥበት ካለው፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር ትንፋሹ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ በኅዳር፣ ጠዋት ውርጭ ማሳውን ነጭ አድርጎት ከሰዓት በኋላ ጃኬት የሚያስወልቅ ፀሐይ በሚወጣበት አገር፣ ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ሙቀት ስል የአየሩን አይደለም፤ የአፈሩን ነው፣ ያውም ከነጥልቀቱ። ፀሐይዋ 6 ሰዓት ላይ አናት ላይ ብትሆንም ሙቀቱ ወደ ታች የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ብዙውን ጊዜ 9 ሰዓት ገደማ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ደግሞ ከብት ወደ ቤት በሚነዳበት ሰዓት ጣራው ላይ ይደርሳል። ዝቅተኛው ጎሕ ሲቀድ ወይም ከዚያ ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው።

ዝግጅቱ ብዙ ወጪ የለውም። አፉ ከዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፒቪሲ (የፕላስቲክ) ቱቦ በቀለበት በቀለበት ቁረጡና ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር መሬት ውስጥ አስገቡ። ሲተከል አፈሩ ስለሚረበሽ ታምቆ የነበረው ጋዝ ይለቀቃል፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። ውስጡ የበቀለውን አረም አትንቀሉ፣ በመቀስ ቁረጡት። ክዳኑ ብርሃን የማያሳልፍ ባልዲ ይሁን፤ ውጭውን በፎይል ሸፍኑት፣ አለዚያ ፀሐዩ ውስጡን ያግለዋል። ውስጡ የኢንፍራሬድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰር ይገባል፤ ግፊቱ እንዲስተካከል ደግሞ ጎኑ ላይ ቀጭን ቀዳዳ ይኑረው።

እነዋሪ አካባቢ ባለው ጥቁር አፈር ላይ ቀለበቱን ስንጥቅ ላይ አትትከሉ። ከጥልቁ የሚመጣው ጋዝ በስንጥቁ በኩል ስለሚወጣ ቁጥሩ ያሳብዳችኋል። ሰፋፊ መደብና ቦይ የወጣለት ማሳ ከሆነ መደቡ ላይም ቦዩ ላይም ለየብቻ ትከሉ። የማሳውን ባለቤት አስቀድማችሁ አነጋግሩ። «ጋሼ፣ ቀለበቶቹ ለሦስት ቀን ይቆያሉ፣ ከብት እንዳይገባብን» ማለት ከማንኛውም አጥር ይሻላል። እረኞቹንም አትርሱ፣ ቱቦ ሲያዩ መጫወቻ ይሆናል።

አሁን ልኬቱ። ክዳኑን ገጥማችሁ 3 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ በየ10 ሰከንዱ መዝግቡ፣ የመጀመሪያውን 30 ሰከንድ ጣሉት። ጎን ለጎን የ5 እና የ10 ሳንቲ ሜትር ሙቀት ያዙ። ይህን በየ3 ሰዓቱ፣ ሌሊቱንም ጭምር። ብርዱ ቀልድ ስላልሆነ ጋቢ ያዙ፣ ብቻችሁን አትውጡ፣ ጅብም አለ። ሌሊቱ ካልተቻለ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ረፋድ ላይ የሚለካው ብዙ ጊዜ ወደ ቀኑ አማካይ ይቀርባል፤ ግን ለእናንተ ማሳ መሥራቱን ቢያንስ በአንድ ሙሉ የ24 ሰዓት ልኬት አረጋግጡ።

ስሌቱ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ከፍታውን ነው። በሰከንድ የጨመረውን ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድርሻ) በክዳኑ ይዘትና ቀለበቱ በሚሸፍነው የመሬት ስፋት ንፅፅር (ይዘቱ ለስፋቱ ሲካፈል)፣ ከዚያም በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ባለው ሞል (የጋዝ ቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) ታባዛላችሁ። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ 72 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ በ20 ዲግሪ ሙቀት 29.5 ሞል ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ግን 41.6። ንፅፅሩ 0.15 ሜትር ሆኖ በሰከንድ 0.5 ፒፒኤም ከጨመረ፣ ትክክለኛው 2.2 ማይክሮሞል በካሬ ሜትር በሰከንድ ነው። ለባሕር ጠለል የተሠራ ቀመር ከኢንተርኔት አውርዳችሁ እንዳለ ከገለበጣችሁ 3.1 ይላችኋል። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ከለካችሁ ግፊቱ ወደ 87 ኪሎ ፓስካል ይጠጋልና ቁጥሩን ቀይሩ። ሴንሰሩ የከፍታ ማስተካከያ ካለው እሱንም ሙሉ።

ትንፋሹን ከሙቀቱ ጋር በግራፍ ስታስቀምጡ ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን የተዘጋ ቀለበት ሊወጣ ይችላል፦ ጠዋት 15 ዲግሪ ላይ ያለው ትንፋሽና ማታ በዚያው 15 ዲግሪ ላይ ያለው አይገናኙም። መሣሪያው አልተበላሸም። ቴርሞሜትሩ ያለበት ጥልቀትና ጋዙ የሚመረትበት ጥልቀት ሳይገጥሙ ሲቀሩ ይህ ይመጣል፤ ሰብሉ በቀን የሠራው ስኳር ሥር ጋ ዘግይቶ መድረሱም አለበት። የሁለቱንም ጥልቀት ሙቀት ሞክሩና የግራፉ ቀለበት ይበልጥ የጠበበበትን ተጠቀሙ።

ሙቀት የማይገዛበትም ጊዜ አለ። በጥር አፈሩ ከደረቀ 9 ሰዓት ላይ ቢግልም ትንፋሹ ንቅንቅ ላይል ይችላል። በነሐሴ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠግብ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ግራፉም ጠፍጣፋ ይሆናል። የበልግ የመጀመሪያ ዝናብ ደረቅ አፈር ላይ ሲያርፍ ደግሞ ትንፋሹ በሰዓታት ውስጥ በድንገት ይፈነዳል፤ ይህን በርች የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ አጥንቶት በስሙ ይጠራል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ልኬት የአፈሩን እርጥበትም መዝግቡ፤ ከዝናብ በኋላ ባሉት ቀናት የተለካውንም ከሌላው ጋር አትደባልቁት።