ምርጫን የሚያቀል ጎሸምታ እንዴት ይዘጋጃል?

አጠገባችን የተቀመጠ ሰው በክርኑ ጎሸም ቢያደርገን እንድናየው የፈለገውን ነገር አመላከተን እንጂ አላስገደደንም፤ ዞር ብሎ ማየትም ሆነ መተው በእጃችን ነው። ሪቻርድ ቴለርና ካስ ሰንስታይን እ.ኤ.አ. በ2008 በሰፊው ያስተዋወቁት፣ ጎሸምታ (nudge) የሚባለው የባህርይ ኢኮኖሚክስ (ሰዎች በእውን እንዴት እንደሚወስኑ የሚያጠና ዘርፍ) ሐሳብም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንድም አማራጭ ሳይከለከል፣ ዋጋውም ይህ ነው በሚባል ደረጃ ሳይለወጥ፣ አማራጮቹ የሚቀርቡበትን መንገድ በመቀየር ብቻ የሰዎችን ውሳኔ ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ይቻላል። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 ለዚሁ ሥራ ራሱን የቻለ ቡድን አቋቁሟል፤ ቴለርም በ2017 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የመሸጫ ገጽ ወይም የምዝገባ ቅጽ የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ፣ ቢያስብበትም ባያስብበትም፣ የደንበኛውን ምርጫ እየቀረጸ ነው፤ ከአማራጮቹ አንዱ ፊት፣ ሌላው ኋላ መምጣቱ አይቀርምና። የሚከተለው ምክር ይህን ሥራ አስበውበትና የደንበኛቸውን ጥቅም ጠብቀው ሊሠሩት ለሚፈልጉ የተዘጋጀ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ሊያግዙት የሚፈልጉትን ውሳኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከመጻፍ ነው። «ደንበኞች ሂሳባቸውን ቀነ ገደቡ ሳያልፍ እንዲከፍሉ» የሚለው በቂ ነው፤ «ሽያጭ እንዲጨምር» የሚለው ግን የደንበኛ ውሳኔ አይደለም። ከሥሩ ደንበኛው ይህን ቢያደርግ እርሱ ራሱ ምን እንደሚያገኝ ይጻፉ። የሚጻፍ ነገር ከጠፋ እዚያው ላይ ማቆም ይገባል። ቀጥሎ ሰዎች ነገሩን የማይፈጽሙት ስለማይፈልጉ ነው ወይስ እየፈለጉ መንገድ ላይ ስለሚቀሩ የሚለውን ይለዩ። የማይፈልጉ ከሆነ ችግሩ ያለው ዕቃው ወይም ዋጋው ላይ ስለሆነ ጎሸምታ አይፈታውም።

እየፈለጉ የሚቀሩ ከሆነ ግን እንደ ደንበኛ ሆነው ሂደቱን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ራስዎ ይለፉበት፤ ስንት ቦታ መሙላት፣ ስንት ጊዜ መጫን፣ ስንት ቀን መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ይቁጠሩ። ውል ለማቋረጥ ወይም ገንዘብ ለማስመለስ የሚጠየቀውንም በዚያው ልክ ይቁጠሩ። ቴለር እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያለውን አላስፈላጊ እንቅፋት ዝቃጭ ብለው ሰይመውታል። በእኔ እምነት አብዛኛው ድርጅት አዲስ ጎሸምታ ከመጨመሩ በፊት ያለውን ዝቃጭ ቢጠርግ ለደንበኛውም ለራሱም የበለጠ ይጠቅማል፤ ለመመዝገብ አንድ ጊዜ መጫን በቂ ሆኖ ሳለ ለመውጣት ስልክ መደወል የሚያስፈልግበት አገልግሎት ምንም ዓይነት ለዛ ያለው መልእክት ቢልክ አመኔታ አያገኝም።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ብርቱው ነባሪ ምርጫ ነው፤ ደንበኛው ምንም ባያደርግ የሚጸናው ምርጫ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪጂት ማድሪያንና ዴኒስ ሺ ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ አዳዲስ ሠራተኞችን ካልተቃወሙ በቀር በጡረታ ቁጠባ ውስጥ በቀጥታ ማስገባት ሲጀምር፣ ቀድሞ ከግማሽ በታች የነበረው ተሳትፎ 86 በመቶ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ የጀርመን ጥናት ደግሞ ከታዳሽ ምንጭ የሚገኝ ኤሌክትሪክን ራሳቸው መምረጥ ከነበረባቸው ገዢዎች መካከል 7.2 በመቶው ሲመርጡት፣ አስቀድሞ ተመርጦ ሲቀርብላቸው ግን 69.1 በመቶው ይዘውት ቀጥለዋል። ሁለቱም ተሳታፊዎቹን የሚጠቅም ይመስላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ጥናት ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ኩባንያው ባስቀመጠው የ3 በመቶ መዋጮ ላይ ተጣብቀው ቀርተዋል፤ ራሳቸው ቢወስኑ ከዚያ በላይ ይቆጥቡ የነበሩም ይገኙባቸዋል። ነባሪውን የሚያስቀምጥ ሰው ለሌላው እየወሰነ እንደሆነ ሊሰማው የሚገባው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የደንበኞችዎ ፍላጎት ተቀራራቢ በሆነበት ጉዳይ፣ ለምሳሌ ደረሰኝ በኢሜይል በመላክ ወይም የመለያ ደኅንነትን በማጠናከር ረገድ፣ ነባሪ ምርጫ ያስቀምጡ። ፍላጎታቸው የተራራቀ ከሆነ ነባሪውን ትተው እንዲመርጡ ይጠይቋቸው። ገንዘብ የሚያስከፍል ነገር ግን አስቀድሞ ተመርጦ ሊቀርብ አይገባም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ በእንዲህ ያለ ሳጥን የተሰበሰበ ተጨማሪ ክፍያ ለገዢው እንዲመለስ ያዛል፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤትም በ2019 አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ለኩኪዎች (ድረ ገጾች በጎብኚው መሣሪያ ላይ ለሚያስቀምጧቸው ትናንሽ የመረጃ ፋይሎች) የተሰጠ ፈቃድ ተደርጎ እንደማይቆጠር ወስኗል።

ጊዜን ማመቻቸትም እንዲሁ ይሠራል። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት ሰው ከሚያገኘው ይልቅ የሚያጣው ይበልጥ ይከብደዋል። ቴለርና ሽሎሞ ቤናርትዚ ይህን በማሰብ ሠራተኞች ዛሬ ምንም ሳይቀነስባቸው ወደፊት ደመወዝ ሲጨመርላቸው ቁጠባቸውም አብሮ እንዲያድግ አስቀድመው የሚስማሙበትን ዕቅድ አወጡ። በ2004 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደተገለጸው የተሳታፊዎቹ ቁጠባ በ40 ወራት ውስጥ ከደመወዛቸው 3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ ከፍ ብሏል። ደንበኛው ሊከብደው የሚችለውን ነገር የሚጠይቁ ከሆነ፣ ጥያቄው ኪሱ በማይጎዳበት ቀን እንዲደርሰው ማድረግ ይህን ያህል ዋጋ አለው።

ስለሌሎች ሰዎች ድርጊት መናገር የሚጠቅመው እውነት ሲሆንና በጥንቃቄ ሲነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት ቤተሰቦች የጎረቤቶቻቸው አማካይ የኤሌክትሪክ ፍጆታ ሲነገራቸው ብዙ የሚጠቀሙት ቀነሱ፣ ጥቂት የሚጠቀሙት ግን ጨመሩ፤ ቁጥሩ ላይ ፈገግታ የሚያሳይ ትንሽ ምልክት ሲታከልበት ይህ ጭማሪ ጠፋ። የአማራጮችን ቁጥር ስለመቀነስ ግን በጣም ባይታመን ይሻላል፤ 24 ዓይነት ማርማላታ ካዩት ይልቅ 6 ዓይነት ያዩት አብልጠው ገዙ የሚለው የ2000 ጥናት ዝነኛ ቢሆንም፣ በ2010 ብዙ ጥናቶችን የመረመረ ሥራ አማካይ ውጤቱን ዜሮ አካባቢ አግኝቶታል።

ከዚህ ወዲያ ያለው ድንበር በግልጽ ሊጠበቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎች 11,000 ያህል የኢንተርኔት መሸጫዎችን ፈትሸው ከእነዚህ በ11 በመቶው ላይ አሳሳች አቀራረብ አግኝተዋል፤ የሐሰት ቆጣሪ ሰዓት፣ የተደበቀ ክፍያ፣ እምቢ ማለትን የሚያሳፍር አዝራርና የመሳሰሉት ናቸው። እንዲህ ያለው ነገር ለጊዜው እንደሚሸጥ አልክድም። በ2021 የታተመ የአሜሪካ ሙከራ ለዘብ ያለ ማሳሳቻ ተመዝጋቢዎችን ከእጥፍ በላይ እንዳበዛ አሳይቷል፤ በይበልጥ የተታለሉትም ዝቅተኛ ትምህርት ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ይህን ያነበበ ሰው ዘዴውን በገበያ ብልሃት ስም ሊጠራው አይችልም። ሕጉም እየደረሰበት ነው፤ ኤፒክ ጌምስ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ ተጫዋቾችን ሳይፈልጉ እንዲገዙ አድርጓል ተብሎ በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ለቀረበበት ክስ በ2022 245 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ጎሸምታዎን በድንበሩ ውስጥ ለማቆየት የምመክረው መፈተኛ ቀላል ነው፦ ምክንያቱን እዚያው ገጹ ላይ ይጻፉት። «ይህን አስቀድመን የመረጥንልዎ ብዙ ደንበኞች የመክፈያ ቀን ስለሚረሱ ነው፤ ካልፈለጉ እዚህ ይቀይሩት» ብሎ መጻፍ የሚከብድ ከሆነ ምርጫው መነሣት አለበት። መግለጽ ጉልበቱን ያሳጣዋል ብሎ መፍራትም አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ ሰዎች ስለ ሕይወት ፍጻሜ ሕክምና አስቀድመው በሚያደርጉት ምርጫ ላይ የተካሄደ ጥናት ነባሪው አስቀድሞ እንደተመረጠላቸው የተነገራቸው ሰዎችም በብዛት እንዳልቀየሩት አሳይቷል።

ከዚያ ይለኩ። ደንበኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለአንዱ ቡድን የቀድሞውን፣ ለሌላው አዲሱን አቀራረብ ያሳዩ። ትልቅ ለውጥ አይጠብቁ፤ ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኤሊዛቤት ሊኖስ በ2022 ባሳተሙት ሥራ በምሁራን መጽሔቶች የወጡ ጎሸምታዎች በአማካይ 8.7 የመቶኛ ነጥብ ለውጥ ሲያሳዩ፣ ሁለት የአሜሪካ የጎሸምታ ተቋማት በተግባር ያካሄዷቸው ግን 1.4 ነጥብ ብቻ አስገኝተዋል። መነሻዎ 20 በመቶ ቢሆን 1.4 ነጥብ ልዩነትን በተለመደው የስታቲስቲክስ መስፈርት ለመለየት በእያንዳንዱ ቡድን ወደ 13,000 ሰዎች ያስፈልጋሉ። ጥቂት ደንበኞች ያሉት ድርጅት እንቅፋት ቢቀንስና ደንበኞቹን ቢያነጋግር ይሻለዋል።

የሚለካው ነገርም የተጫነው አዝራር ብዛት ብቻ መሆን የለበትም። ከሦስት ወር በኋላ ስንቱ አገልግሎቱን እንደተወ፣ ስንቱ ገንዘቡን እንዳስመለሰ፣ ስንቱ አቤቱታ እንዳቀረበ አብሮ ይመዝገብ። በቀድሞው አቀራረብ ሳያውቁ ተመዝግበው እየከፈሉ ያሉ ሰዎችም አሉ፤ ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙትን ከመዝገቡ ለይተው ከሚቀጥለው ክፍያ በፊት በግልጽ ይጻፉላቸው፣ የማቋረጫውንም ማስፈንጠሪያ በመልእክቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ያስቀምጡት።