አሮጌ የሞተር ሳይክል ሞተር ይታደስ ወይስ ይሻሻል? ከመወሰን በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሮጌ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ይህ ጥያቄ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ሞተሩ እንደ ድሮው አይጎትትም፣ ያጨሳል፣ ድምፁም ተቀይሯል። ታዲያ ፋብሪካው እንደሠራው አድርጌ ላድሰው ወይስ እግረ መንገዴን ጉልበት ልጨምርለት? ሁለቱም ያስኬዳል። ችግሩ ብዙዎቻችን የምንወስነው ሞተሩ ምን እንደጎደለው ሳናውቅ መሆኑ ነው።

ጭስ አይቶ መፍረድ

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስወጣው ይሄ ነው፤ ረጋ ብለን እንየው። ሰማያዊ ጭስ ካለ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ዘይቱ በየት እንደገባ የሚለየው ግን ጭሱ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ነዳጅ ሰጥታችሁት ጭነት ሲበዛበት የሚያጨስ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቤት) ይጠረጠራል። ቁልቁለቱን ነዳጅ ለቃችሁ ወርዳችሁ፣ መልሳችሁ ስትሰጡት ቡፍ ካለ ደግሞ የቫልቭ ጋይዱን፣ ማለትም ቫልቩ የሚንሸራተትበትን ቱቦ፣ ተመልከቱ። ጥቁር ጭስ የካርቡራተር ጉዳይ ነው፤ ነዳጅ በዝቶበታል።

አንድ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። አብዛኞቹ የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች ዘይታቸውን የሚያስቀምጡት ከሞተሩ ውጪ ባለ ታንክ ነው። ለሳምንታት ሲቆሙ ዘይቱ በፓምፑ በኩል ቀስ እያለ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ያኔ ስታስነሱት አካባቢው በጭስ ይታፈናል። ዘይቱ ተጠርጎ ወደ ታንኩ ሲመለስ ጭሱም ይጠራል። ይህን ብቻ አይተው ሙሉ ሞተር የሚያወርዱ አሉ። በጣም ያሳዝናል፤ መታየት የነበረበት የዘይት ፓምፑ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። የቫልቭ ክፍተቱን አስተካክሉ፤ ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ በደንብ ስለማይዘጋ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) ይወድቃል። ከዚያ ሞተሩን አሙቁት፣ ካንዴላውን ፍቱ፣ የነዳጅ መስጫውን እጀታ እስከ መጨረሻው ይዛችሁ ኮምፕሬሽኑን ለኩ። ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ያህል ዘይት ጨምሩና ድገሙት። ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ጋ ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቩን ወይም የቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ጓርኒሲዮን ጠርጥሩ። በመጨረሻ ዘይቱን አፍስሱና ማግኔት አስገቡበት። ማግኔቱ የሚይዘው ብረቱን ብቻ ነው፤ የአሉሚኒየምና የነሐስ ብናኝ አይያዝም። እሱን በነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጋችሁ በብርሃን እዩት።

ሳይለኩ ዕቃ መግዛት

ፒስተን በጥሩ ዋጋ ሲገኝ እጅ ይፈጥናል። ግን ሲሊንደር እኩል አያልቅም። ሞላላ ይሆናል፤ ፋሻው በሚመላለስበት የላይኛው ክፍልም ይበልጥ ይሰፋል። ከላይ፣ ከመሀልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ካልተለካ ምን ያህል እንደተበላ አይታወቅም። ለተበላ ሲሊንደር የሚሠሩት የጃፓኖቹ ሰፋ ያሉ ፒስተኖች አብዛኛውን ጊዜ ከመደበኛው በ0.25፣ 0.50፣ 0.75 እና 1.00 ሚሊ ሜትር በልጠው ይመጣሉ። 0.25 ገዝታችሁ ሲሊንደሩ 0.50 ከጠየቀ ዕቃው እጃችሁ ላይ ቀረ። ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤትም የመጨረሻው ልክ ላይ አድርሶት ሊሆን ይችላል። ልኩ ብዙ ጊዜ የፒስተኑ አናት ላይ ተመትቶ ይገኛል። እንዲህ ከሆነ ያላችሁ ምርጫ አዲስ ላይነር (የሲሊንደሩን የውስጥ ግድግዳ) ማስገባት ወይም ሲሊንደሩን መቀየር ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ይለካል፣ ፒስተን ይገዛል፣ ከዚያ ፒስተኑና ሲሊንደሩ አብረው ወደ ባለሙያው ይሄዳሉ። ሲሊንደሩ የሚሰፋው ለዚያው ፒስተን ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ክፍተቱ ከጠበበ ፒስተኑ ሲሞቅ ይነክሳል፤ ከሰፋ ደግሞ ያንኳኳል።

ጉልበቱን ብቻ ማየት

እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ሆንዳ ሲቢ750 ሞተሩ 736 ሲሲ ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 61 ሚሊ ሜትር። 65 ሚሊ ሜትር ፒስተን ሲገባለት 836 ሲሲ ይሆናል። የታወቀ ማሻሻያ ነው፤ ወረቀት ላይ ደስ ይላል። ነገር ግን ሙቀቱ ይጨምራል፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ይሳሳል፣ ፍሪሲዮኑና ሰንሰለቱም ያልተሠሩበት ጭነት ይመጣባቸዋል። ፍሬኑ ደግሞ ያው የድሮው ነው። ኮምፕሬሽኑንም አብራችሁ ከፍ ካደረጋችሁ፣ የምታገኙት ቤንዚን ኦክቴኑ ዝቅተኛ ከሆነ ሞተሩ እየተንኳኳ ፒስተኑን ይሰብራል።

ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ሲያሳድጉ ምን እንዳደረጉ ማየት ይጠቅማል። የእንግሊዙ ትራያምፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ቦነቪል የተባለውን የ650 ሲሲ ሞዴሉን ወደ 750 ሲያሳድገው ፒስተን ብቻ ቀይሮ አልተወውም። የቴስታታው ብሎኖች ብዛት ከ9 ወደ 10 አደገ፣ ከፊት የዲስክ ፍሬን ገባ፣ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮም መጣ። ቤታችን ውስጥ ጉልበት ስንጨምር ይህን ሁሉ የምንዘለው ለምንድን ነው?

ማሻሻል ሲባል ፈጣን ማድረግ ብቻ ማሰብ

እኔ ብጠየቅ ገንዘቤን መጀመሪያ የማፈሰው ጉልበት ላይ አይደለም። በፕላቲን (የእሳቱን ጊዜ በሚቆጣጠረው የድሮው መክፈቻና መዝጊያ) ፋንታ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ፣ ከወንፊት የተሻለ የዘይት ፊልተር፣ የተሻሻሉ የዘይት ሲሎች፣ ጠንካራ የባትሪ ቻርጅ። እነዚህ ሞተር ሳይክሏን በየቀኑ የምትነሳ ያደርጓታል፤ መልኳንም አይነኩም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ብዙ የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች ከሻሲው ጋር የሚታሰረው የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ነው። ይህን ሳታረጋግጡ ሽቦ ካገናኛችሁ አዲሱ ዕቃ ወዲያው ይቃጠላል።

ላዩን አድሶ ሆዱን መርሳት

ሞላላ በሆነ ሲሊንደር ላይ አዲስ ፋሻ መክተት ብክነት ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን ላዩን አጠንክሮ፣ የታችኛውን ያረጀ ብሮንዚና (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን መደገፊያ) እንዳለ መተው ነው። ኮምፕሬሽኑ ሲስተካከል ግፊቱ በሙሉ እዚያ ላይ ያርፋል።

የድሮዎቹ የትራያምፍ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሮች ክራንክሻፍት (በፒስተኑ የሚሽከረከረው ዋና ዘንግ፣ ባጭሩ ክራንክ) ውስጥ ቆሻሻ የሚያጠምድ ቱቦ አለ። ክራንኩ ሲሽከረከር በዘይቱ ውስጥ ያለው ደለል ወደዚያ ይወረወርና ይጠራቀማል። በዓመታት ብዛት እንደ ሸክላ ይደርቃል። ሲሞላ ዘይቱ ወደ ብሮንዚናው የሚያልፍበትን መንገድ ይዘጋል። ከውጭ አይታይም፤ የሚጸዳው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ነው። መቼ እንደጸዳ የማታውቁት ከሆነ የሚያምር ፒስተን ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አስከፍቱ።

እንደ ያማሃ ኤክስኤስ650 ባሉት ላይ ደግሞ ክራንኩ ተገጣጥሞ በፕሬስ የተጫነ ነው። እሱን ፈትቶ መልሶ ማቅናት መሣሪያውና ልምዱ ያለው ሰው ይጠይቃል። በአካባቢያችሁ እንዲህ ዓይነት ባለሙያ መኖር አለመኖሩ በራሱ ውሳኔያችሁን ሊቀይረው ይችላል።

የፋብሪካውን ዕቃ መጣል

ማሻሻልን ከመረጣችሁ ወደ ኋላ የሚመለስ ይሁን። የወጣውን ካርቡራተር፣ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) እና ማርሚታ ዘይት ቀብታችሁ፣ ስማቸውን ጽፋችሁ አስቀምጡ። የሚገዛ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የሞተር ቁጥሩን ነው፤ ከወረቀቱ ጋር መግጠም አለበት። ስለዚህ የሞተሩ አካል ቢሰነጠቅ እንኳ በሌላ ከመቀየራችሁ በፊት አሉሚኒየም በደንብ የሚበይድ ሰው ፈልጉ። ሲረከባችሁም ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ እንዳይሞርድባችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።