«ለእኔ ሌሊት ነው የሚሆንልኝ» ከማለትህ በፊት

ስፌት የተማርኩት ሐረር፣ መኪና ግርግር ነው። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ እኔ በነበርኩበት ጊዜ ያ ድምፅ የቀን ድምፅ ነበር። ድሬዳዋ ወርጄ መጋላ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ስከፍት ሰዓቱ ተገለበጠብኝ። በግንቦት ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ሱፍ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ካውያ ያነሳ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ከተማውም በዚያ ሰዓት በሩን ዘግቶ ጋደም ይላል፣ ወይ በርጫው ላይ ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሬ መስፋት ለመድኩ፤ ይኸው 16 ዓመቴ።

ሥራ ሊለምድ የሚመጣ ልጅ ሁሉ በሁለተኛው ሳምንት «አቦ ጋሼ፣ ለእኔም እኮ ሌሊት ነው የሚሆንልኝ» ይለኛል። ይሁንለት፣ አልከለክልም። ግን ሁሉም የሚሳሳቱት እዚያው ቦታ ስለሆነ አፌ ደከመ፤ ስህተቶቹን አንድ በአንድ ጽፌ ልገላገል።

ለምን እንደሚሆንልህ አለማወቅ። ሌሊት እጁ የሚፈታለት ሰው ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ሲፈጠርም ሰዓቱ ዘግይቶ የተሞላ ነው። አእምሯችን ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይን ነርቮች ከሚሻገሩበት ቦታ በላይ፣ የመኝታና የመንቃት ጊዜን የሚመራ ትንሽ የሕዋሳት ጥቅል አለ። ዙሩ በአማካይ ከ24 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል፣ ከሰው ሰውም ይለያል፤ ከፊሉ በዘር የሚወረስ ነው። የዚህን ሰዓት አሠራር በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ያጠኑት ሆል፣ ሮዝባሽና ያንግ በ2017 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል። ዕድሜም አለበት፦ ከጉርምስና እስከ 20 ዓመት አካባቢ ሰዓቱ እየዘገየ ይሄዳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይመለሳል። የ19 ዓመት ልጅ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅተው ሰነፍ ብዬ የሰደብኩባቸው ዓመታት ይቆጩኛል።

ሌላው ደግሞ ሙቀት የሸሸ ነው፤ አዲስ አበባ ብትወስደው በጠዋት ተነስቶ ይሰፋል። ሌላው ሰው የሸሸ ነው፤ ሌሊት «ደረሰልኝ?» እያለ በሩን የሚያንኳኳ የለም። እኔ ራሴ የሁለተኛውና የሦስተኛው ድብልቅ ነኝ እንጂ የሌሊት ሰው አይደለሁም። ይህን ያወቅኩት ለለቅሶ ሐረር ሄጄ አሥር ቀን ስቀመጥ ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንደ ሕፃን እንቅልፌ መጣ፣ ማንቂያ ሳልሞላ 12 ሰዓት ላይ ነቃሁ። አንተም ሥራና ቀጠሮ የሌለባቸው ቀናት ስታገኝ መቼ እንደተኛህና መቼ እንደነቃህ ያዝ። የእንቅልፍህ እኩሌታ የሚያርፍበት ሰዓት በእውነት የሌሊት ሰው መሆን አለመሆንህን ይነግርሃል።

አራተኛው ዓይነት ደግሞ አለ። ብዙው ልጅ እሱ ነው፣ ንዴቴም እሱ ላይ ነው።

ምርቃናን የሌሊት ሰው መሆን አድርጎ መቁጠር። ከ8 ሰዓት ጀምሮ ሲቅም ውሎ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ዓይኑ እንደ ፋኖስ የበራ ልጅ «ሌሊት ነው የሚሆንልኝ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ለማን ነው የሆነለት? ለቅጠሉ! ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ይወርዳል፣ ጫት የጫኑት የአወዳይ መኪኖች እንደዚያ የሚበሩትም ለዚህ ነው። እንቅልፍን ያባርራል፣ ድካምን ይደብቃል፣ ሰውየውን በራሱ ሥራ ያስደንቀዋል። ልጁ ንጋት ላይ እንደምንም ይተኛል፣ 6 ሰዓት ላይ ፊቱ ጠቁሮ ይነሳል፣ ሀራራው ይዞት ምሳውን ሳይጨርስ እንደገና ወደ መቃሚያው ይሄዳል፣ ማታ ደግሞ «እኔ እኮ የሌሊት ሰው ነኝ» ይለኛል። አይደለህም! በማግስቱ የሰፋኸውን ጎን ተመልከት። ስፌቱ ፈጣን ነው፣ ቀጥ ያለ ግን አይደለም፤ አንድ ኮሌታ ላይ አራት ጊዜ ተመላልሰህበታል። ምርቃና ኮሌታ ላይ ሁለት ሰዓት ያስቀምጥሃል እንጂ ሱሪውን አያስጨርስህም።

ይህን በድፍረት የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። ከስንት ዓመት በፊት አንድ ደንበኛዬ ወንድሙ ከውጭ የላከለትን ግራጫ ሱፍ ለሠርግ አመጣልኝ። ጨርቁ ልክ ልኩን ነው፣ ስለዚህ አጥፌ በድርብ ሳይሆን በነጠላ ዘርግቼ መቁረጥ ነበረብኝ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ጉንጬ ሙሉ፣ በራሴ ኮርቼ ተቀምጫለሁ። አንዱን እጅጌ በሳሙና አሰመርኩ፣ ቆረጥኩ። ሞዴሉን ሳልገለብጠው ሁለተኛውን አሰመርኩ፣ ቆረጥኩ። እንዴት ያለ ንጹሕ አቆራረጥ ነው እያልኩ አጣጥፌ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ከኮቱ ጋር ሳገጥመው ሁለቱም ግራ እጅጌ ናቸው። ታይዋን ገበያ ወጣሁ፣ ቀፊራ ገበያ ወረድኩ፣ የዚያ ጨርቅ ወንድም የለም። ለሰውየው ከኪሴ ሌላ ሱፍ ገዝቼ ሦስት ሌሊት ሳልተኛ ሰፋሁለት፤ ለሠርጉ ደረሰ፣ ሰላምታ ግን እስከ ዛሬ ነፍጎኛል። ሁለቱ እጅጌዎች ከካውያው በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅለዋል። አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እነሱን ነው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ መቀስ ማንሳት። ሳይቅምም ነው የምልህ። የብዙ ሰው የሰውነት ሙቀት ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል፤ ንቃትም አብሮት ይወርዳል፣ የሌሊት ሰው የተባለው እንኳ ትንሽ ይዘገይ እንደሆነ እንጂ አያመልጥም። በዚያ ሰዓት ዘምዝም፣ ቁልፍ ትከል፣ ገበር ፍታ። ስፌት ቢበላሽ ይፈታል፤ የተቆረጠ ጨርቅ ግን ምን ይደረጋል?

ሌሊቱን ሠርቶ ቀኑንም መዋል። ይህን ማብራራት የለብኝም። የሰባት ሰዓት እንቅልፍ ከየትም ቢሆን መምጣት አለበት።

ቀን ሲተኙ አጎበርን መርሳት። «አጎበር የማታ ነው» ይላሉ። የወባዋ ትንኝ ናት የማታ፤ የደንጊን ትኩሳት የምታስተላልፈው ግን የምትናከሰው በቀን ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ ደንጊ ሲነሳ አጥንት የሚሰብረውን ትኩሳት የቀመሰ ሰው ሁለተኛ አይነገረውም። ቀን የምትተኛ ከሆነ አጎበርህን በቀን ዘርጋ፣ ትንኟ እንዳትራባበትም የውኃ በርሜልህን ክደን። የምትተኛበትንም ክፍል ምረጥ፦ ሰውነት እንቅልፍ የሚገባው ውስጡ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ነው፣ ከቀትር በኋላ በቆርቆሮ ሥር ደግሞ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ከሱቅ የምወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ፀሐይ ዓይኔን ሳታገኘው ቤቴ ገብቼ፣ ግንቡ ወፍራም የሆነውን የጓሮ ክፍል ዘግቼ እስከ ረፋዱ እተኛለሁ። ቀሪውን ማታ ከሥራ በፊት እሞላለሁ።

ቡና በ8 ሰዓት ሌሊት። ካፌይኑ ከጠጣኸው አምስት ሰዓት ካለፈም በኋላ ግማሹ ገደማ ሰውነትህ ውስጥ አለ። ንጋት 1 ሰዓት ላይ ጣሪያ ስታፈጥ ማንንም አትውቀስ።

የክር ቀለም በአምፖል መምረጥ። ጥቁርና ድፍን ሰማያዊ ሌሊት መንታ ናቸው። ክርህን ገና ፀሐይ ሳለ ደጅ ወጥተህ፣ ከጨርቁ ላይ አስተኝተህ ምረጥ። ሁለት ጊዜ ፈትቻለሁ፣ ሁለቱም ሱሪ ነበር።

ድምፁ እንዲቀንስ ከስፌት መኪናው እግር ሥር አሮጌ ጎማ አድርግ፤ ጎረቤትህ እንደ አንተ አይደለም።

የመጨረሻው ስህተት ለደንበኛ የጠዋት ቀጠሮ መስጠት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ «ጋሼ! ጋሼ!» እየተባለ በሩ ሲደበደብ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ይቀጥራል። እኔ ካርቶን ላይ «ከ9 ሰዓት በኋላ» ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ባለፈው ክረምት አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ጨርቁን በብብቱ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ 9 ሰዓት ብለሃል፣ መብራትህም በርቷል፤ እኔ 11 ላይ ወደ ደወሌ ድንበር እነሳለሁ» አለኝ። ምን እላለሁ? ሜትሬን አነሳሁና ለካሁት፣ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። «አሁኑኑ ቁረጠውና ልየው» ቢለኝም ጨርቁን አጣጥፌ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።