የወጥ ቤት ፎጣችሁ ውኃ አልጠጣ ካለ፦ በእጅ የሚሠራ የጥጥ ፎጣ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በሹራብ መርፌ የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅና የወጥ ቤት ፎጣ የሚሠራ ሰው ሥራው ሲበላሽበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው እጁን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ክሩን እዩት እላለሁ። ሱፍና አክሪሊክ ይለጠጣሉ፣ ትንሽ ጉድለት ይሸፍናሉ። ጥጥ አይለጠጥም፤ ክሩ ላይ ያለው ሁሉ ፎጣው ላይ ይወጣል።

ደግሞ እኛ ባሕር ዳር ላይ ሆነን ጥጥ አጣን ልንል አንችልም። ከተማዋ በ1961 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት። እንዝርት የሚያሾሩ እናቶችም ዛሬም አሉ። ጥሩ ክር እጃችን ላይ ነው፤ አያያዙን ማወቅ ብቻ ነው የሚቀረው።

ፎጣው ውኃ አይጠጣም

ሳህን ስታደርቁበት ውኃውን ከወዲያ ወዲህ ይገፋዋል እንጂ አይመጠውም። ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው።

አንደኛው፣ ክሩ ጭራሽ ጥጥ አይደለም። የሹራብ ክር ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው አክሪሊክ ነው። ለመለየት አጠር ያለች ክር ቆርጣችሁ በወረንጦ ይዛችሁ ክብሪት ለኩሱባት። ጥጥ ከሆነ ቶሎ ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት ሲነካ የሚበን ግራጫ አመድ ይተዋል። አክሪሊክ ግን ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ጠጠር ይሆናል። ይህን ክር ለአንገት ልብስ አስቀምጡት። ትኩስ ድስት ለማንሳት በፍጹም እንዳትጠቀሙበት፤ ቀልጦ እጅ ላይ ይጣበቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ጥጥ ከእርሻ ሲመጣ የተፈጥሮ ሰም አለው። በእጅ የተፈተለ፣ ያልተቀቀለ ፈትል ያንን ሰም እንደያዘ ነው። አንድ ጠብታ ውኃ ጣል ብታደርጉበት ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ከመሥራታችሁ በፊት ቀቅሉት። ልቃቂቱን እንዳለ አትክተቱት፤ ውስጡ አይደርሰውም። በቱባ፣ ማለትም ላላ ባለ ትልቅ ቀለበት አዙሩትና እንዳይተበተብ አራት ቦታ ላይ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። በውኃ አርሱት፤ ከዚያ የልብስ ሳሙና በተፈቀፈቀበት ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይፍላ። እኛ ጋ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጊዜውን ረዘም ማድረግ አይጎዳም። የሚዝግ ድስት አትጠቀሙ፤ ዝገት ከነጭ ጥጥ ላይ በቀላሉ አይለቅም። ውኃው ቀስ በቀስ ሻይ የመሰለ ቀለም ይይዛል። ስታዩት እንዳትደነግጡ፤ እየወጣ ያለው ሰሙና ቆሻሻው ነው። በንጹህ ውኃ አለቅልቁትና ሲደርቅ ጠብታዋን እንደገና ሞክሩ። ወዲያው ሰርጋ ከገባች ክሩ ደርሷል።

ፎጣውን ሠርታችሁ ጨርሳችሁ ከሆነም አልረፈደም፤ እንዳለ ቀቅሉት፤ ትንሽ ሊያጥር ይችላል እንጂ ይሠራል። የልብስ ማለስለሻ ግን አታስነኩት፤ ያወጣችሁትን ሰም በሌላ ቅባት መተካት ነው።

ፎጣው ወደ አንድ ጎን ያዘማል

አራት ማዕዘን ይሆናል ያላችሁት ጎኑ እየተንጋደደ ይሄዳል። የዚህም ጥፋት የእናንተ አይደለም። በእንዝርት የወጣ ፈትል ነጠላ ነው፣ ክረቱም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ክሩን አንድ ክንድ ያህል ወጥራችሁ ሁለቱን ጫፍ አገናኙት። መሃሉ ራሱ በራሱ ከተጠማዘዘ ፎጣውንም ያጣምመዋል።

መፍትሄው ሁለት ፈትል አንድ ላይ አድርጎ መጀመሪያ ከተፈተለበት በተቃራኒው አቅጣጫ እንደገና በእንዝርት ማክረር ነው። ከዚያ በቱባ አዙራችሁ አርሱት፤ ከታች ቀለል ያለ ነገር አንጠልጥላችሁበት ይድረቅ።

ይህን ለማድረግ ጊዜ ከሌላችሁ አሠራሩን ቀይሩ። መርፌው ላይ ያለችውን እያንዳንዷን የክር ቀለበት ዓይን እንላታለን፤ ፊቱ ለስላሳ የሚወጣውን ዓይን የፊት፣ ጉብ የሚለውን የጀርባ ልበለው። አንድ የፊት፣ አንድ የጀርባ እያላችሁ ሂዱ፤ በሚቀጥለው ረድፍ አቀያይሩት። ማዘሙ በጣም ይቀንሳል። ጉብጉቡ ደግሞ የደረቀ ሽሮ ከድስት ላይ ለማንሳት የሚረዳ ነው፤ ለዕቃ ማጠቢያ እኔ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ጠርዙ ይጠቀለላል

ሙሉውን በአንድ ፊት ለስላሳ አድርጋችሁ ሠርታችኋል ማለት ነው። ዳርና ዳር አራት አራት ዓይን፣ ከታችና ከላይ ደግሞ ጥቂት ረድፍ በሁለቱም ገጽ ጉብ የሚል አሠራር አድርጉለት። በካውያ መጫን አያዋጣም፤ ሲታጠብ ተመልሶ ይጠቀለላል።

በ40 ዓይን ተጀምሮ በ46 ያልቃል

ረድፍ ስትጀምሩ ክሩ በመርፌው ላይ ወደ ኋላ ከዞረ የመጀመሪያው ዓይን ሁለት እግሩ ብቅ ይልና ሁለት ዓይን ይመስላል። ሁለቱንም ትሠሯቸዋላችሁ። ረድፍ ከመጀመራችሁ በፊት ክሩ ከመርፌው በታች መሆኑን እዩ። መሃል ላይ ቀዳዳ ካለ ግን ክሩ ሳታስቡት መርፌው ላይ ዞሮ ነው።

ከታጠበ በኋላ አጠረ

ጥጥ በመጀመሪያው የሙቅ ውኃ አጠባ ይሰበሰባል። መካከለኛ ውፍረት ባለው ክርና በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ 40 ዓይን ከ20 እስከ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከመጀመራችሁ በፊት መዳፍ የምታህል ሙከራ ሥሩ፣ ለኩ፣ በሙቅ ውኃ እጠቡ፣ ደርቃ እንደገና ለኩ። ከዚያ የዓይኑን ብዛት ወስኑ።

ቋጠሮው ይፈታል

ጥጥ እንደ ሱፍ አይያያዝም። ሁለት ክር በቋጠሮ ከማገናኘት አዲሱን ክር ጠርዝ ላይ ጀምሩት፤ ሲያልቅ ቢያንስ ስድስት ሴንቲ ሜትር ክር ተውና በወፍራም መርፌ መጀመሪያ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ ሰካ ሰካ አድርጉት።

ይሸታል

ክረምት ላይ የሐይቁ ዳር አየር እርጥብ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ፎጣ ማታ እርጥብ ተጣጥፎ ካደረ ጠዋት ይሸታል። መርፌውን በግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ላላ ያለ ሥሩ፤ ቶሎ ይደርቃል። ከሥራ በኋላ ዘርጉት እንጂ አታጣጥፉት። ሽታው ከገባበት በሳሙና አጥባችሁ ቀቅሉት፣ ፀሐይ ስትወጣ አስጡት። ፀሐይ የእርድ ቢጫንም ታደበዝዛለች።

ዓሣ ለምታበስሉ ደግሞ፣ ለአምባዛና ለቀረሶ ሰሌዳ መጥረጊያ የሚሆን ለብቻው ጨርቅ ይኑራችሁ። ጠርዙን በሰማያዊ ክር ሥሩት፣ ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል። ሰማያዊው ቀለም እንዳይለቅ አስቀድማችሁ ክሩን ውኃው እስኪጠራ ድረስ በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቁት። ጨርቁንም ስታጥቡ በቀዝቃዛ ጀምሩ። መጀመሪያውኑ ሙቅ ውኃ ካገኘው የዓሣው ደምና ዝልግልግ ክሩ ላይ ይበስልና አልለቅ ይላል።