ማርሽ የሌለው ብስክሌት ሳይንኳኳና ሳይከብድ እንዲሄድ እንዴት ይስተካከላል?

ባለ ማርሽ ብስክሌት ላይ ካቴናው ቢረግብ ባለ ሞላው መወጠሪያ ይሰበስበዋል። ማርሽ በሌለው ላይ ግን የካቴናውን ውጥረት የሚወስነው የኋላው ጎማ የታሰረበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ብስክሌቱ ሲከብድ ወይም ሲንኳኳ ብዙ ሰው ወዲያው ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ካቴናውን ይወጥራል። ከዚያ መጀመር ስህተት ነው። ኩሽኔታው ላልቶ ወይም ካቴናው ጠምሞ እየዞረ ከሆነ መወጠሩ ጉዳቱን ያፋጥነዋል እንጂ አያድነውም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ኩሽኔታ፣ ቀጥሎ የካቴናው ዕድሜ፣ ቀጥሎ መስመሩ፣ ከዚያ ውጥረቱ፣ በመጨረሻ ዘይቱ።

የሚያስፈልጉት 15 ቁጥር ቁልፍ፣ ለኩሽኔታ የሚሆኑ ቀጫጭን ቁልፎች (አብዛኛውን ጊዜ ከ13 እስከ 17 ቁጥር)፣ የካቴና ፒን ማውጫ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም የብረት ማስመሪያ፣ ግራሶ፣ ነጭ ጋዝ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ጨርቅ ናቸው።

ኩሽኔታ

የፊቱን ጎማ ከመሬት ያንሱና ንፋስ መሙያውን ወደ ጎን አድርገው ይልቀቁት። ኩሽኔታው ደህና ከሆነ ጎማው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፤ ጥቂት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ተወዛውዞም ይቆማል። ሳይወዛወዝ ቀጥ ካለ ጠብቋል። ቸርኬውን ይዘው ወደ ጎን ሲገፉትና ሲስቡት ኳ የሚል ክፍተት ከተሰማዎት ደግሞ ላልቷል። የኋላውን ጎማ ካቴናውን አውርደው በዚሁ መንገድ ይፈትኑት።

ለማስተካከል፣ ኳሶቹን የሚጫነውን ሾጣጣ ዳዶ በጣት እስኪቆም ካጠበቁት በኋላ ሩብ ዙር ያህል ይመልሱት፤ በቀጭኑ ቁልፍ ይዘውም የውጪውን ማሰሪያ ዳዶ ያጥብቁበት። ማሰሪያው ሲጠብቅ ሾጣጣውን ትንሽ ስለሚገፋው አንዴ ተሠርቶ አያልቅም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መሞከር የተለመደ ነው። ሲፈቱት ኳሶቹ ተበልተው ወይም ዝገው ካገኟቸው አንድ ሁለቱን ብቻ አይቀይሩ፤ አዲሱ ኳስ ከአሮጌዎቹ ስለሚተልቅ ጭነቱን ሁሉ እሱ ይሸከማል። በአብዛኞቹ ብስክሌቶች ፊት በየጎኑ 10 ባለ 4.76 ሚሊ ሜትር፣ ኋላ በየጎኑ 9 ባለ 6.35 ሚሊ ሜትር ኳሶች ይገባሉ።

የፔዳሉንም ክንድ ወደ ጎን ነቅንቀው ይዩ። ሁለቱ ክንዶች አብረው ከተነቃነቁ የላላው የመሃሉ ኩሽኔታ ነው፤ አንዱ ብቻ ከተነቃነቀ የዚያ ክንድ ማሰሪያ ነው። ላልቶ የተነዳ ክንድ ቀዳዳው ስለሚሰፋ በኋላ ቢጠብቅም አይይዝም፤ ይህን ለነገ አያሳድሩት። ፔዳል መፍታት ካስፈለገዎት የግራው ፔዳል በተቃራኒ አቅጣጫ የሚፈታ መሆኑን ያስታውሱ።

ካቴናው አርጅቶ እንደሆነ

ካቴና «ተለጠጠ» ይባላል፤ በእውነቱ ግን ብረቱ አልተሳበም፤ ፒኖቹና የሚዞሩበት ቀዳዳ ተበልተው በየመጋጠሚያው ክፍተት ተፈጥሯል። ካቴናውን በነጭ ጋዝ አጥበው አድርቁትና ከአንድ ፒን መሃል ተነስተው 24 ክፍተት ይቁጠሩ። አዲስ ካቴና ላይ ይህ ርቀት 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ይቀየር። 308 ካለፈ ከካቴናው ጋር የኋላውም ጥርስ (ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ተበልቷል ማለት ይቻላል፤ አዲስ ካቴና ብቻውን ቢገባ ዳገት ላይ ሲረግጡት ይዘላል።

ሲገዙ ስፋቱን ይለዩ። ሁለት ዓይነት አለ፦ ባለ 3.2 ሚሊ ሜትርና ባለ 2.4 ሚሊ ሜትር። ሰፊው ካቴና በቀጭን ጥርስ ላይ ይሠራል፤ ቀጭኑ ግን በሰፊ ጥርስ ላይ አይቀመጥም። መጋጠሚያው በቅንጥብ የሚታሰር ከሆነ የቅንጥቡ የተዘጋው ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት ይሁን፤ በላይኛው መስመር ላይ ሲሆን ወደ ፊት ያያል። በተቃራኒው ከገባ የሆነ ነገር ሲነካው ክፍቱ ጫፍ ይያዝና ቅንጥቡ ይወልቃል።

መስመሩ

የፊቱ ጥርስና የኋላው ጥርስ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። ማስመሪያውን በፊቱ ጥርስ ገጽ ላይ አስተኝተው ጫፉን ወደ ኋላ ይዝለቁት። የኋላውን ጥርስ ገጽ በእኩል ከነካ ጥሩ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ችግር የለውም፤ 2 ሲሆን ድምፅ ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ካቴናው የጥርሱን ጎን እየፋቀ ይበላዋል፤ ጉድጓድ ላይ ሲነጥርም ይወድቃል።

ለማስተካከል በርካሹ ይጀምሩ። የኋላው ጥርስ ወደ ውስጥ ከገባ ከበስተጀርባው 1 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ ማስገባት ይቻላል፤ ጥርሱ ግን በቂ ዙር ያህል መጠምጠሙን ያረጋግጡ። የፊቱ ጥርስ በብሎን የታሰረ ከሆነ ከክንዱ ውጪ ያለውን ወደ ውስጥ፣ ውስጥ ያለውን ወደ ውጪ ማዛወር ጥቂት ሚሊ ሜትር ያንቀሳቅሰዋል። የመሃሉን ፐርኖ (የፔዳሉ ክንዶች የሚታሰሩበትን ዘንግ) በረጅም ወይም በአጭር መቀየር የመጨረሻው አማራጭ ነው።

ውጥረቱ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። የፊት ጥርስ ፍጹም ክብ ሆኖ መሃሉ ላይ የሚቀመጥ እምብዛም ስለሌለ ካቴናው በአንድ ዙር ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ይጠብቃል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይረግባል። ፔዳሉን በእጅ ቀስ አድርገው እያዞሩ የካቴናውን መሃል በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ይሞክሩና በጣም የሚጠብቅበትን ቦታ ይፈልጉ። ጥርሱ በብሎኖች የታሰረ ከሆነ ብሎኖቹን በትንሹ ያላሉ፤ በዚያ በጠበቀው ቦታ ላይ ካቴናውን በእንጨት ቀስ አድርገው ይምቱት፤ ጥርሱ ወደ መሃሉ ይጠጋል። ልዩነቱ እስኪጠፋ ይደጋግሙ፤ ከዚያም ብሎኖቹን እያፈራረቁ ያጥብቁ። ጥርሱ ከክንዱ ጋር ተበይዶ የመጣ ከሆነ ይህ አይቻልም፤ ልኩን በጠበቀው ቦታ ላይ ይውሰዱ።

ልኩ ይህ ነው፦ ካቴናው በጣም በሚጠብቅበት ቦታ ላይ፣ ከሁለቱ ጥርሶች መሃል፣ ላይና ታች ተደምሮ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀስ። እንደ ክራር ክር የተወጠረ ካቴና የመሃሉንና የኋላውን ኩሽኔታ ይጨፈልቃል፤ ፔዳሉም ያለ ምክንያት ይከብዳል። ከልክ በላይ ከረገበ ደግሞ ይወልቃል። የኋላው ጥርስ በነጻ የማይዞር፣ ፔዳሉ ከጎማው ጋር ሁልጊዜ አብሮ የሚዞር ዓይነት ከሆነ የወለቀ ካቴና የኋላውን ጎማ ቀጥ ሊያደርገው ስለሚችል ይህን በጥብቅ ይከታተሉ።

ጎማውን ሲያስሩ መጀመሪያ በቀኝ በኩል፣ ካቴናው ባለበት፣ ወደ ኋላ ስበው የቀኙን ዳዶ ያጥብቁ። ቀጥሎ ጎማው ከፔዳሉ ጀርባ በብስክሌቱ አካል ሁለት ቱቦዎች መሃል እስኪውል በእጅ ገፍተው ያቅኑትና የግራውን ያጥብቁ። ጎማው ሲቃና ውጥረቱ ስለሚለወጥ እንደገና ይለኩ። በ20 ሴንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ ከ15 እስከ 20 ኪሎ የሚሆን ኃይል ይበቃል። ሻካራው የሮንዴላ ገጽ ወደ ብስክሌቱ አካል ይዙር፤ እዚያ ቦታ ላይ ግራሶ አይቀቡ፤ የጎማው ፐርኖ ይንሸራተታል።

ካቴናው ቢረዝምና ፐርኖው የመግቢያውን ጫፍ ቢያልፍ፣ ሁለት ፒን ያህል (25.4 ሚሊ ሜትር) ሲቆረጥ ጎማው 12.7 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይመጣል። አንድ ጥርስ ሲጨመር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ስለዚህ የኋላውን ከ18 ወደ 20 ለመቀየር ብዙ ጊዜ ያው ካቴና ይበቃል።

የጥርስ ምርጫ ከመሬቱ ጋር ይሂድ። እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባለ ሜዳማ ከተማ 44 በ18 (ፊት 44፣ ኋላ 18 ጥርስ) ይመቻል፤ ዙሪያው 2.1 ሜትር የሆነ ጎማ በአንድ የፔዳል ዙር 5 ሜትር ያህል ይሄዳል፣ በደቂቃ 60 ዙር ሲረገጥ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ከቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ ለሚወጣ ግን 40 በ20 ጉልበትን ያተርፋል።

ዘይቱ

ከጋራዥ የሚመጣ የተቃጠለ ዘይት አይጠቀሙ፤ የሞተር ብረት ብናኝና ጥቀርሻ የያዘ ስለሆነ ፒኖቹን እንደ ሞረድ ይበላል። ንጹሕ የሞተር ዘይት ወይም የስፌት መኪና ዘይት ይሻላል፤ ሁለተኛው ቀጭን በመሆኑ ቶሎ ቶሎ መደገም አለበት። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ፣ በአጠቃላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል በቂ ነው። ፔዳሉን ጥቂት አዙረው ግማሽ ሰዓት ይተዉት፤ ከዚያ ውጪውን በጨርቅ ደረቅ እስኪል ይጥረጉት። የሚሠራው ውስጥ የገባው ነው፤ ውጪ የቀረው አቧራ ይሰበስባል።

ድምፁ ካልጠፋ

ድምፁን ከምን ጋር እንደሚመጣ ይቁጠሩት። በእያንዳንዱ የፔዳል ዙር አንዴ ኳ ካለ ፔዳሉን፣ ክንዱን ወይም የፊት ጥርሱን ብሎኖች ይመልከቱ። ከሁለት ዙር በላይ እየቆየ፣ 44 ጥርስና 100 ፒን ባለው ካቴና ላይ በየሁለት ዙር ከሩቡ አካባቢ፣ ጠቅ ካለ አንድ ደንዳና መጋጠሚያ አለ ማለት ነው፤ ካቴናውን በቀስታ ወደ ኋላ እያዞሩ የማይታጠፈውን ይፈልጉትና ወደ ጎን ወዲያና ወዲህ ያጣምሙት። መርገጥ ሲያቆሙም የሚቀጥል ድምፅ ከጎማው ነው፤ ኩሽኔታ፣ የላላ ራጂ ወይም የሚነካ ፍሬን።

ከአዲስ ካቴና በኋላ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዱ ውጥረቱን አንድ ጊዜ ደግመው ይለኩ፤ የሁለቱንም ክንዶች ማሰሪያና የኋላውን ጎማ ዳዶዎች በዚያው ያጥብቁ።